ሁለት ድስት በአንድ ጎጆ

ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ቀለብ በታላላቅ ማከማቻዎች ይጠራቀምበት ስለ ነበር ሰፈሩ በማከማቻው ተጠራ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቄራ ይገኛል፤ እርሱም እንዲሁ በሥራው የተጠራ ሰፈር ሲሆን፣ በ1949 ዓ.ም. የተቋቋመው የከተማው የከብት ማረጃ ያለበት ነው። ስንዴው በጎተራው ሲከማች የገበሬው ሃይማኖት አይጠየቅም። በቄራ ግን እርዱ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ በተለያየ አዳራሽ ይካሄዳል። ከዚያ የወጣው ሥጋም መስቀል ወደ ተሣለበትና ጨረቃ ወደ ተሣለበት ሥጋ ቤት ለየብቻው ይሄዳል። ከተሜው ይህን ሲያይ ያደገ ስለ ሆነ አይደንቀውም። ይሁን እንጂ በሃይማኖት የተለያዩ ባልና ሚስት በአገራችን እንዴት ኖሩ ለሚለው ጥያቄ፣ ከብዙ የነገረ መለኮት ክርክር ይልቅ እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ሰፈሮች የተሻለ መግቢያ ይሆኑናል። እንዲህ ያሉ ባለትዳሮች በእህሉ አንድ ናቸው፤ በሥጋው ግን ሁለት ናቸው።

የዚህ ዓይነት ጋብቻ በተነሣ ቁጥር የእኛ የተውኔት ጸሐፊዎች ዓይን ፈጥኖ የሚያርፈው በአንድ ትዕይንት ላይ ነው፤ ልጅቱ ማተቧን ስትበጥስ፣ ወይም በተቃራኒው ማተብ ስታስር፣ አባት ሲረግም፣ እናት ደረቷን ስትደቃ። ትዕይንቱ ለመድረክ ይመቻል። ነገር ግን ጋብቻው የሚኖረው ከዚያ በኋላ ባለው ሠላሳና አርባ ዓመት ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን ምድጃውን፣ የልጆቹን ስምና የአማት ቤቱን ለቅሶ ይዞ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ይቀራል። የታሪክ ጽሑፎቻችንም ከዚህ ብዙ አልራቁም። የተጠመቁትን መኳንንትና ንግሥታት ይቆጥራሉ፤ ሳይጠመቁም ሳይሰልሙም አብረው ያረጁትን ግን አይቆጥሩም። እንግዲህ በታሪካችን ሁለት መንገድ ነበረ ማለት ነው። አንደኛው የቤተ መንግሥት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴቲቱ፣ የቀድሞ ማንነቷን እንድትተው ይጠይቃል። ሁለተኛው የሕዝቡ ነው፤ የሚጠይቀውም ቃል መጠበቅን ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ከእቴጌ እሌኒ ይበልጥ የሚያሳይ የለም። እሌኒ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ሲሆኑ፣ ከሙስሊም ቤት ወጥተውና ተጠምቀው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አገቡ። ንጉሡ ካረፉ በኋላ በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን እንደ እናት ተከበሩ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡም የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው ሰደዱ፤ በጎጃም መርጡለ ማርያምን አሠሩ። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ሲያመሰግናቸው የእምነታቸውን ጽናት፣ የመጻሕፍትና የሕግ ዕውቀታቸውን፣ የመንግሥት ነገር ማስተዋላቸውን ይዘረዝርና፣ በዚሁ መካከል የማዕድ ዝግጅት ብልኃታቸውንም ይጨምራል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ አንባቢ እንደ ተራ የባልትና ሙገሳ ቆጥሮ ያልፋት ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምታስደንቀኝ እርሷ ናት። በአባቷ ቤት ቢስሚላሂ ተብሎበት ካልታረደ በቀር ሥጋ ያልቀመሰች ልጃገረድ፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር የምታሰናዳ እመቤት እስክትሆን ድረስ ስንት ጊዜ ጉሮሮዋ እንደ ተዘጋ ማን ጻፈ? ጋብቻው ለሐድያና ለዘውዱ ሰላም አመጣ እንዳንል እንኳ፣ የዚያው የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ በዘርዐ ያዕቆብ ላይ ዐምፆ ተገደለ። የወንድም ሞት ለባል ድል ሆኖ ሲበሠር ንግሥቲቱ በየትኛው ወገን ሆና እንደ ሰማችው የሚናገር ገጽ የለም። ዐረብ ፈቂህ ደግሞ ፉቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ፣ ሐድያዎች በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ለንጉሡ ይገብሩ እንደ ነበርና ልጅቱም ትጠመቅ እንደ ነበር ይተርካል። እሌኒ በብልኅነታቸው ታሪክ ሆኑ። በግብርነት የተሰጡት የሌሎቹ ሴቶች ልጆች ስም ግን አልተጻፈም።

አንድ ነገር በዚህ ላይ እናክል። በግብፅ ተደርሶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። መጽሐፉ የሃይማኖት ልዩነትን ከጋብቻ መከልከያዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። የቤተ መንግሥቱ መንገድም ይህን ሕግ አልጣሰም፤ ጥምቀቱን ከጋብቻው አስቀድሞ ልዩነቱን ከወረቀት ላይ አጠፋው። ከዘመድ አዝማድ ልብ ውስጥ ግን አላጠፋውም፤ ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

የወረ ሂመኖው ኢማም ሊበን ልጅ መነን የየጁውን ደጃዝማች አሉላን ለማግባት ክርስትናን ተቀበሉ። ልጃቸው አሊ በ1823 ዓ.ም. ገና በልጅነቱ የራስነቱን ሥልጣን ሲይዝ በስተ ኋላው ሆነው የሚያዝዙት እሳቸው ነበሩ። ኋላም ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ፤ በ1839 ዓ.ም. በደጃች ካሣ እጅ ወድቀው ተማረኩ። ራስ አሊ ክርስቲያን ሆነው ተወልደው፣ አብያተ ክርስቲያናትን እየረዱ ሳለ ከወሎ ሙስሊም ዘመዶቻቸው ስላልተለዩ፣ በካህናቱ ዘንድ እምነታቸው ተጠርጥሮ ኖረ። በሌላ በኩል ግን የእኒሁ የራስ አሊ ልጅ ተዋበች፣ ማለትም የኢማሙ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ያንኑ ካሣን አግብታ የዐፄ ቴዎድሮስ ተወዳጅ ሚስት ሆነች። አንድ ደም በአንዱ ላይ ክስ፣ በሌላዋ ላይ ክብር ሆነ። ልዩነቱን የወሰነው የሥልጣን ሚዛን ነው እንጂ ሃይማኖት አልነበረም ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለኝም።

ይህ ጥርጣሬ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በልጅ ኢያሱ ላይ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ ሲታዘዙ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ዐፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ። በዚያ ዘመን «ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም» የሚባለው አነጋገር የተሰማው በከንቱ አልነበረም፤ በትእዛዝ የተጠመቀ ሰው ከቤቱ ሲገባ ወደ ለመደው ይመለሳል። ራስ ሚካኤል የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። ኢያሱም በተራው ከሙስሊም ባላባቶች ቤት እያገባ የምሥራቁንና የደቡቡን አገር በዝምድና ሊያስተሳስር ሞከረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ ሲሽሩት ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። ከተጠመቁ 38 ዓመት አልፎም የአባታቸው ኢማምነት አልተረሳላቸውም ነበር። ይሁንና የእኒሁ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ወይዘሮ መነን አስፋው በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን አግብተው ነበርና፣ የተከሰሰው ቤት ደም በዙፋኑ ጎን ቆይቶ ለሌላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘለቀ። ያን ጊዜ ማንም አላነሣውም።

ከዚህ ሁሉ የባላባት ታሪክ ወጥተን ወደ ተራው ሕዝብ ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ እውነት አለ። የክርስቲያኑ ሕዝብ አብዛኛው ጋብቻ በቁርባንና በተክሊል የተፈጸመ አልነበረም። ቁርባን ፍቺ የሌለበት ስለ ሆነ ለካህናትና በዕድሜ ለገፉ ባለትዳሮች የተተወ ነበር። ሰፊው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነው። ሰማንያ ውል ነው፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ዋስ ይጠራበታል፣ በነጋሢው ስም ይማልበታል፣ ከሁለቱም ወገን የመጣው ከብትና ገንዘብ ይቆጠርበታል። ቢፈርስም በሽማግሌ ይፈርሳል። የቄስ ቡራኬ ቢጨመርበት ያምርበታል እንጂ ለመጽናቱ ግዴታው አይደለም። ኒካሕም በበኩሉ መሠረቱ ውል ነው፤ ወልይ፣ ምስክርና መህር አለበት። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ጋብቻን በመሐላና በንብረት ላይ የቆመ ስምምነት አድርገው ማየቱን ለምደውት ስለ ነበር፣ በመካከላቸው ጋብቻ ሲመጣ መነጋገሪያ ቋንቋ አላጡም። መሠዊያው ቢለያያቸው የሽማግሌው ጥላ አገናኛቸው።

ይህን የመሰለው ኑሮ ሥር የሰደደው በወሎ ነው። አባቱ ሙሐመድ ልጁ ታደሰ፣ አባቷ ወልደ ማርያም ልጂቱ ፋጡማ መባሉ በዚያ አገር ለጆሮ እንግዳ አይደለም። በሠርግና በለቅሶ የእስላም ዳስና የክርስቲያን ዳስ ጎን ለጎን ይጣላሉ። ደጋሹ ክርስቲያን ቢሆን ለሙስሊሞቹ እንግዶቹ በግና ሰንጋውን ከነነፍሱ ያስረክባቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ ለራሳቸው ሰዎች ያቀርባሉ። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንዲሁ። ከሩቅ ለሚያየው መለያየት ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን ትልቅ አክብሮት ነው፤ ባለቤቱ እንግዳውን «የእኔን ብላ» ብሎ አያስጨንቀውም፣ እንግዳውም ሳይበላ ወደ ቤቱ አይመለስም። በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ድስት የሚያኖሩ ባልና ሚስትም የዚህ ሥርዓት ታናሽ አምሳያ ናቸው።

ስለ ሥጋው ካነሣን አይቀር፣ በቁርዓን በአል ማኢዳህ ምዕራፍ ለሙስሊም ወንድ «የመጽሐፉ ሰዎች» የሆነችን ሴት ማግባት የሚፈቅደው ያው አንቀጽ፣ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብም የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል። ሊቃውንቱ በትርጓሜው ይለያዩ ይሆናል፤ ነገር ግን በአገራችን ቢላዋው እንዲህ ጠንክሮ ድንበር የሆነው ከአንቀጽ ይልቅ በታሪክ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ። ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩና የሚፈራሩ ሁለት ማኅበረሰቦች የሌላውን ሥጋ መብላትን ሃይማኖት የመለወጥ ምልክት አደረጉት። ለዚህም ነው አዲሱን አማኝ ሰው የሚያምነው ጸሎቱን ሰምቶ ሳይሆን ሥጋውን ሲበላ አይቶ ነው።

ሆኖም የሕዝቡን መንገድ አሳምሬ ብቻ ባቀርበው ለእውነት አልሆንኩም። ሸክሙ በእኩል አልተከፈለምና። በእስልምና ሕግ ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት ሊያገባ ይችላል፤ ሙስሊም ሴት ግን ክርስቲያን ወንድ ማግባት አልተፈቀደላትም። ልጆች የአባታቸውን ሃይማኖት ይከተላሉ፤ በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎችም እርስ በርሳቸው አይወራረሱም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ባልተጠመቀ ሰው ላይ የተክሊል ጸሎት አትደርስም፤ ከእርሷ ሥርዓት ውጭ የተጋባም ከቁርባን ይርቃል። ስለዚህ ሙስሊሙን ያገባች ክርስቲያን ሴት ማተቧን ይዛ ልትኖር ትችላለች፤ ነገር ግን ቅዳሴ ቆማ ሥጋ ወደሙ አትቀበልም፣ ባሏ ቢሞት በሸሪዓው ወራሽ አይደለችም፣ የልጆቿንም ክርስትና አታነሣም። ክርስቲያኑን የወደደች ሙስሊም ሴት ደግሞ ወይ ትጠመቃለች ወይ ከቤተ ሰቧ ትቆረጣለች፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይደርሱባታል። በየትኛውም በኩል ብንሄድ ዋጋ ከፋይዋ ሴቲቱ ሆና እናገኛታለን።

በዚህ መካከል ሦስተኛ በር የከፈተው ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን፣ በሃይማኖት የሚፈጸመውንና በልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ እኩል ሕጋዊ አደረገ። ዕድሜን፣ ዝምድናን፣ ሌላ ጋብቻ መኖሩን ከመከልከያዎቹ ሲቆጥር የሃይማኖትን ልዩነት አልቆጠረም። ከፍትሐ ነገሥት ወደዚህ መድረስ ቀላል ርምጃ አይደለም። በሊባኖስ እስከ ዛሬ በአገር ውስጥ የሚፈጸም የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ስለሌለ በሃይማኖት የተለያዩ ተጋቢዎች ባሕር ተሻግረው ቆጵሮስ ይሄዳሉ። ሕንድ ለእነዚህ ተጋቢዎች ልዩ የጋብቻ ሕግ ያወጣችው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቱኒዚያም ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ ወንድ እንዳታገባ የሚከለክለውን መመሪያ የሻረችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው የ1952 ሕግ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር። በሩን ከፈተላትና ቁልፉን ለባሏ ሰጠው። ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሲሆን፣ ባልና ሚስት በትዳር አመራር እኩል የሆኑት በእርሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጽ የሃይማኖት ልዩነት ጋብቻን እንደማያግድ በግልጽ ይደነግጋል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነገሩን የሚያየውም ሁለቱ ባለጉዳዮች ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

የሕጉ ፊደል በቂ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው፣ በአደባባይ ወጥተው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል ብለው ጠየቁ። ዒድ አል ፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በብሔራዊ በዓልነት የታወቁት ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። የአንዱ በዓል በአደባባይ፣ የሌላው በጓዳ በሚከበርበት አገር ባልና ሚስት እኩል ናቸው ማለት ያስቸግራልና ይህ ለትዳሩም ትልቅ ነገር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ደግሞ በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶችን ግድግዳ ለግድግዳ አጎራበተ። ከዓመታት በኋላ በጎተራ የተሠራው ኮንዶሚኒየም ሰውን ያጎራበተው በዕጣ ነው። በሕንጻዎቹ መካከል የቆመው የጋራ መገልገያ ቤት በፋሲካ የአንዱ፣ በዐረፋ የሌላው ማረጃ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያቆመው ምንድን ነው ቢባል፣ ከፍቅር ቀጥሎ ሽሮና ምስር ነው እላለሁ። የጾም ወጥ ቢላዋ ስለማያውቀው የሁለቱም ነው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ሲገቡ፣ አንዱ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ሌላዋ ቅዳሴ እስኪወጣ በቆዩባቸው ቤቶች አንድ ድስት ለሁለቱም በቃ። የሚከብደው ልጅ ሲወለድ ነው። ሙስሊሙ ዐቂቃውን የሚያወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያጠምቃል። ግርዘቱ የሁለቱም ልማድ ስለ ሆነ አያጣላም። ከሰባተኛው እስከ አርባኛው ቀን ባለው ጊዜ ግን የሁለቱም አያቶች ደጅ ይጠናሉ። ጥሩ ትዳሮች ይህን ነገር ከሠርጉ በፊት በሽማግሌ ፊት የጨረሱ ናቸው፤ «ጊዜው ሲደርስ እናየዋለን» ያሉት ጊዜው ሲደርስ ተጣልተዋል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሁሉም ሃይማኖት የእምነት መነቃቃት መጥቷል። መነቃቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ዳስ ጎን ለጎን የሚጥለውን የወሎ ልማድ «ድብልቅልቅ» ብሎ የሚነቅፍ ድምፅም ይዞ መጥቷል። በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት መካከል የሚመሠረተው ትዳርም ዛሬ ከዚህ ያላነሰ ፈተና አለበት። የእርዱ ጣጣ ባይኖርበትም ጠላውና ተዝካሩ ያጣላዋል።

ተዝካር ካልን የመጨረሻውን እናንሣ። የከተማው ዕድር ባለማተቡንም ባለጀለቢያውንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል፤ ድንኳኑም ያው ነው፤ ገንዘቡም ያው ነው። መለያየቱ የሚመጣው አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ነው። አርባ ዓመት በአንድ አልጋ የተኙ ባልና ሚስት አንዱ በኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብር፣ ሌላዋ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ያርፋሉ። ለትዳሯ ብላ የተጠመቀችው ሴት ደግሞ ከባሏ ጎን ትቀበራለች። ቄሱ ፍትሐቱን በክርስትና ስሟ ያደርሳል። ከገጠር የመጡት እኅቶቿ ግን ከአጥሩ ወዲህ ቆመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በአባቷ ቤት ስሟ እየጠሩ ያለቅሷታል።